ቀሪ የተባለው ልጅ

«ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል የአማርኛ ምሳሌ። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሚቸኵል ሰው ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ለሚቀር ተማሪ፥ ይልቁንም ተማሪው እንዲቀር ሳናውቅ ምክንያት ለምንሆነው ለታላላቆቹ ነው። ነገሩ የደረሰብን በሥራ ምክንያት በሐርጌሳ ከተማ በተቀመጥንበት ጊዜ ነው።

ሐርጌሳን ያየ ሰው የዋሄንን ገበያ ሳያይ አይመለስም። ገንዘብ ለዋጮች የሽልንጉን እስር እንደ ጡብ ደርድረው በመንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ሴቶች የግመል ወተት ይሸጣሉ። ጨርቁ፥ ሽቱው፥ ወርቁ፥ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከአገራችን የሚገባውም አትክልት ሁሉ እዚያ ይገኛል። በመጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ፥ የረመዳን ጾም ሊገባ ሲል፥ ይህን ገበያ እሳት በላው። ሲነድ አድሮ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆችና መደቦች እንደ ጠፉ በጊዜው ተነገረ፤ 28 ያህል ሰዎችም ቈሰሉ። ነጋዴው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሸራና ቆርቆሮ ዘርግቶ ንግዱን ቀጠለ።

መደባቸው ከተቃጠለባቸው ሰዎች አንዲቱ ሻይ ሻጭ ነበረች። ከእሳቱ ያተረፈችው አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያና ጥቂት ብርጭቆ ብቻ እንደ ነበረ ኋላ ነግራናለች። ይህች ሴት ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጅ ነበራት። ልጁ ጧት ጧት ፔርሙሱን በአንድ እጁ፥ ብርጭቆዎቹን በሌላው ይዞ ወደ መሥሪያ ቤታችን ይመጣና ከበሩ ላይ ሆኖ «አደር» ብሎ ይጣራል፤ በሶማሊኛ አጎት እንደ ማለት ነው። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሳይቀድምም ሳይዘገይም ይደርሳል። እኛና አራት የሥራ ባልደረቦቻችን ቅመም የገባበትን ሻይ በወተት እየጠጣን፥ «ይህ ልጅ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ሲያድግ ትልቅ ሰው ይሆናል» እያልን እናመሰግነው ነበር። ከሻዩ ዋጋ በላይም ጥቂት ሽልንግ እንጨምርለታለን። በልባችንም በጎ ሥራ የሠራን ይመስለን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከባልደረቦቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን ደብተርና እርሳስ ገዛን። ከገበያው ብዙ ወደማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትም በማለዳ ይዘን ሄድን። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በደስታ ተቀብለው ከክፍል ወደ ክፍል አዞሩን። አራተኛ ክፍል በገባን ጊዜ አስተማሪው መዝገቡን ገልጠው ስም ይጠሩ ነበር። ልጆቹም በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መገኘታቸውን ይናገራሉ። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ግን የሚመልስ ጠፋ። አስተማሪው ደግመው ጠሩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሕፃን ብድግ ብሎ አንዳች ነገር ሲናገር ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ምን እንዳለ ዲሬክተሩን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ትንሽ አመንትተው፥ «ለሐበሾቹ ሻይ ሊያደርስ ሄዷል ነው የሚለው» አሉን።

አስተማሪው በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። መዝገቡን ለማየት ፈቃድ ጠየቅን። በዚያ ወር ውስጥ ብቻ በልጁ ስም አንጻር ዘጠኝ ቀይ ምልክት ተደርጓል። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ በሩ ስለሚዘጋ፥ ብርጭቆውን ሰብስቦ እስኪመለስ ድረስ ቀኑ ያልፍበታል። ዘጠኙን ቀን በልባችን ቈጠርነው። ሁሉም ሻዩን የጠጣንባቸው፥ ልጁንም በሰዓት አክባሪነቱ ያመሰገንንባቸው ቀኖች ናቸው። ደብተሩን አስረክበን ስንወጣ ዲሬክተሩ ስለ ስጦታው አመሰገኑን፤ እኛ ግን ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም።

ወደ መሥሪያ ቤት ስንመለስ ልጁ ፔርሙሱን ታቅፎ ከደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። «አደር፥ ዘገያችሁ፤ ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው» አለን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እናቲቱ ሄድን። አማርኛ የምትናገር መሆኗን ያን ጊዜ ዐወቅን። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ሐርጌሳን በደበደቡ ጊዜ፥ የከተማይቱ ሰው በእግሩ እየሸሸ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እርሷም ያን ጊዜ ሕፃን ነበረችና፥ ወላጆቿ ይዘዋት በጅጅጋ አጠገብ በሐርቲ ሼክ የስደተኞች ሰፈር አረፉ። ሐርቲ ሼክ በዘመኑ በዓለም ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ነበረ፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። እርሷም በዚያ በሸራ ጥላ ሥር ፊደል መቍጠር ጀመረች። ነገር ግን ውሃ የሚያመላልስ፥ ታናናሾቿን የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ አንድ ቀን እየሄደች ሁለት ቀን እየቀረች፥ በመጨረሻው ፈጽማ ተወችው።

«ወንድሜ፥ እኔ እንዴት እንደ ቀረሁ ዐውቃለሁ» አለችን። «ልጄም እንዲቀር አልወድም። ግን መደቡ ከተቃጠለ ወዲህ የጧቱን ሻይ ካልሸጥሁ የማታውን እንጀራ ከየት አመጣለሁ? አንተ ትምህርት ትላለህ፥ ደግ ነው፤ ሻዩን ግን ማን ያድርስልህ?»

መልስ አጣን። ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የማይልኩትን ወላጆች በንግግርም በጽሑፍም ብዙ ጊዜ ስንወቅስ ነበር። ይህች ሴት ግን ትምህርትን የናቀች አልነበረችም። የልጇን ቀን የምትገዛት ቤት ነበረች፤ ያችም ቤት የእኛ መሥሪያ ቤት ናት።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ልናነሣ ግድ ሆነብን። አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ስለ ሆነ፥ አማርኛን የተማርነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። አንድ ጊዜ በንዳድ ታመን አንድ ሳምንት ቀረን። ያን ሳምንት አስተማሪያችን «አበላ» በሚለውና «አስበላ» በሚለው ግሥ መካከል ያለውን ልዩነት አስተምረው ኖረዋል። ስንመለስ ጓደኞቻችን ያውቁታል፤ እኛ አናውቀውም። ለመጠየቅም አፈርን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን እናት ልጇን «አስበላች» ብለን እየጻፍን መሣቂያ ሆነናል። እናት ልጇን ታበላለች፤ ሰነፍ እረኛ ግን በጉን ለቀበሮ ያስበላል። የአንድ ሳምንት መቅረት ይህን ያህል ዘመን ተከተለን። በየመሥሪያ ቤቱ የማታ አማርኛ ለመማር የምትደክሙ አንባቢዎቻችንም በስብሰባ ምክንያት አንድ ምሽት ስትቀሩ በማግስቱ መጽሐፉ እንዴት ባዕድ እንደሚሆንባችሁ ታውቁታላችሁ። አዋቂ ሰው የቀረበትን ቈጥሮ ሊያሟላ ይችላል፤ ሕፃን ግን የቀረበትን ምን እንደ ሆነ እንኳ አያውቀውም። የሻይ ሻጯ ልጅ የሽልንጉን እስር ከእኛ ፈጥኖ ይቈጥራል፤ በደብተር ላይ ማካፈል ግን አይሆንለትም። ማካፈል የተጀመረበትን ቀን ያሳለፈው በእኛ ደጃፍ ነበረና። ልጁን የምናበላ መስሎን ትምህርቱን ስናስበላው ኖረናል።

በማግስቱ ከባልደረቦቻችን ጋር ተነጋገርን። አንዱ ገንዘብ እንስጣት አለ። ሌላው ግን፥ «እርሷ ነጋዴ ናት እንጂ ለማኝ አይደለችም» ብሎ ተቃወመው፤ እውነቱን ነበረ። በመጨረሻው የተስማማንበት ነገር እጅግ ቀላል ነው። ሻዩ ወደ እኛ ከሚመጣ እኛ ወደ ሻዩ እንሂድ አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስታችን ከሥራ በፊት በ1 ሰዓት ወደ ዋሄን እየሄድን፥ ከመደቧ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ሻያችንን ጠጥተን እንመለስ ነበር። የኛን መቀመጥ ያዩ ሌሎች ሰዎችም መቀመጥ ጀመሩ። ልጁ ግን ያን ሰዓት ከማለዳው የቍርኣን ትምህርት ተመልሶ፥ ደብተሩን ይዞ በፊታችን ያልፋል። በሚቀጥለው ወር ቀይ ምልክቱ ከዘጠኝ ወደ ሁለት ወረደ። ሁለቱም እናቱ የታመመችባቸው ቀኖች ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ አንልም፤ እናት ስትታመም የሚተካት ሰው ገና አልተገኘም።

መንግሥታት የድርሻቸውን ለማድረግ ሞክረዋል። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን አደረገ። በሶማሌላንድም በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ተነሣ። ክፍያው ሲነሣ የትምህርት ቤቱ በር ይከፈታል፤ ነገር ግን ልጅን በየማለዳው ወደዚያ በር የሚያደርሰው ሕግ ብቻ አይደለም። የሚገዛው ቤት፥ የሚልከው ጎረቤት፥ ውሃ የሚያስቀዳው ዘመድ ሁሉ የልጁን ሰዓት ወይ ያከብረዋል ወይ ይወስደዋል።

በሐርጌሳ ይህ እንዴት ያለ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያሳይ ሕያው ምስክር አለ። ወይዘሮ ኤድና አደን በ1929 ዓ.ም. ሲወለዱ በአገራቸው ለሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረም። አባታቸው ሐኪም ነበሩና ወደ ጅቡቲ ልከው አስተማሯቸው። ኋላም በእንግሊዝ አገር የአዋላጅነትን ሙያ ተምረው ተመለሱ። በ1994 ዓ.ም. በሐርጌሳ የከፈቱት ሆስፒታል እናቶችን ያዋልዳል፤ አዋላጆችንም ያሠለጥናል። አባታቸው «በአገሩ ትምህርት ቤት የለም» ብለው ቢተዉት ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

«ዕውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው» የሚል አባባል በሶማሌዎች ዘንድ አለ። እኛም ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሁሉ አንድ ነገር እናሳስባለን። ጧት ሻይ የሚያመጣላችሁን፥ ጫማ የሚጠርግላችሁን፥ ዕቃ የሚሸከምላችሁን ልጅ ከማመስገናችሁ በፊት፥ በዚያች ሰዓት ስሙ የት እየተጠራ እንደ ሆነ ጠይቁት። ስሙ የሚጠራበት ክፍል ካለ ሥራችሁን ለሌላ ሰዓት አቆዩለት፤ ወይም እንደ እኛ ጥቂት መንገድ ሂዱ። ከሐርጌሳ በተነሣንበት ሳምንት ልጁ ደብተሩን አምጥቶ የሠራውን የማካፈል ሒሳብ አሳየን። ከአምስቱ አራቱ ትክክል ነበሩ። አምስተኛውን ከእናቱ መደብ አጠገብ ተቀምጠን አብረን ሠራነው፤ ከዚያም ደወሉ ሳይደወል ሂድ ብለን ሰደድነው።