ቤትዎ ቢቃጠል ማን ይደርሳል? ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

አገው ምድርን ለማየት ጥር 23ን የመሰለ ቀን የለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለመዘከር ነው ይባላል። በዓሉም በጊዮርጊስ ዕለት እንጅባራ ላይ ይደምቃል። እኔም በ2014 ዓ.ም. ይህንኑ ልይ ብዬ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ነበር። ስለ ፈረሱ ግን ብዙ ተጽፏል። ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግኩት ስለ ቤት ነው።

እንጅባራ ዝናብ አይጠግብም። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሌት ተቀን ሲንጣጣ እንቅልፍ ይነሳል። ጥር ከገባ ወዲያ ደግሞ ሁሉም ነገር ይደርቃል። የቀርቀሃው አጥር፣ የባሕር ዛፉ ማገር፣ የጓሮዋ ሣር ክዳን ማድ ቤት፣ ሁሉም ክብሪት ነው። ወደ ፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ጥሩ ገንዘብ ነው፣ ብዙ ጎጆ ቆርቆሮ የለበሰው በእሱ ነው። ደኑ እየተጠጋ እየተጠጋ መጥቶ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ሲሳሳም ሳይ ግን፣ ኧረ ለመሆኑ ነፋስ የተነሳ ቀንስ? አልኩ።

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ሲያቀኑ ዳንግላን ያገኛሉ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦባት የነበረች ከተማ ናት። ቁርስ የበላሁባት ቤት ባለቤት ስልሳ ዓመት የዘለሉ እናት ናቸው። አዲሱን ቆርቆሮ አይቼ «እማማ፣ ቤቱን ገና መሥራትዎ ነው?» ብላቸው ሳቅ አሉ። ለካ የፊተኛው ተቃጥሎ ነው! አረቄ ሲያወጡ ከማድ ቤቱ የተነሳው እሳት ጣሪያውን ይዞ ዋናው ቤት ገባ። ጎረቤት በባልዲና በጀሪካን ተረባርቦ የጎረቤቱን ቤት አተረፈ እንጂ የእሳቸውንስ አልቻለም።

«ልጄ፣ እሳቱ የተነሳው ከገዛ ጓዳዬ፣ ማንን እከሳለሁ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያስደንቃል። እድሩ ቆርቆሮና ምስማር ገዛ፣ ወንዱ በደቦ ወጥቶ ግድግዳውን አቆመ፣ ሴቱ ጭቃ መረገ። ወር ሳይሞላ ቤት ገቡ። ይሁንና ለንግድ ያስቀመጡት ጤፍና ማር፣ የአልጋው ልብስ፣ ማቀዝቀዣው የእድሩ ጉዳይ አልነበረም። ለጤፉና ለማሩ መግዣ የተበደሩትም ገንዘብ ነበረባቸው። «ሁሉም ሲነድ ያልነደደው ዕዳዬ ብቻ ነው» ሲሉኝ ሳቁ አብሯቸው አልነበረም።

የእድሩን ጸሐፊ አግኝቼ ደንቡን ጠየቅኳቸው። ጋሼ ደብተሩን አወጡ። አባል ሲሞት ይህን ያህል፣ የትዳር ጓደኛ ሲሞት ይህን ያህል፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉም በቁጥር ተጽፏል። ቤት ለተቃጠለበት ግን «አባላት መክረው ይረዱታል» ይላል። ይረዱታል፣ በስንት? አልተጻፈም። እንግዲህ የእርስዎስ እድር ደንብ ምን ይላል? ሞት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ገልጠው ያንብቡት።

«መድንስ አልገቡም ነበር?» ስል እማማ «እሱ ለመኪና አይደል?» አሉኝ። አይፈረድባቸውም፣ በሕግ ግዴታ የሆነብን የመኪናው የሦስተኛ ወገን ነው። የቤት መድን ግን ለአገሩ አዲስ አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎችን ወርሶ በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን አቆመ። በ1986 በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ የግል ኩባንያዎች በሩ ተከፈተላቸው። ካናዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በየወሩ ለቤቱ መድን ይከፍላል፣ ያበደረው ባንክ ያለ መድን አላበድርም ብሎት ነው። እኛም ዘንድ ባንክ ቤት በመያዣ ሲቀበል የእሳት መድን ግቡ ይላል። ልብ ይበሉ፣ ያኔ ቤቱ ቢቃጠል ካሳው ቀድሞ ወደ ባንኩ ነው የሚሄደው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። አረቦኑ የሚሰላው ቤቱ ከተገመተበት ገንዘብ ላይ ከሺህ ይህን ያህል ተብሎ ነው። ለስሌት ያህል ከሺህ 2 ብር ቢሉዎት፣ 2 ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ ቤት በዓመት 4,000 ብር ይሆናል። ብሎኬት ይረክሳል፣ ጭቃ ይወደዳል። ሣር ክዳን ከሆነ ዋጋው ይከብዳል፣ ጭራሹን ፊት ሊነሱዎትም ይችላሉ። አረቄ የሚያወጡበት ወይም ዳቦ የሚጋግሩበት ቤት ከሆነም አይደብቁ፣ ኋላ ካሳውን የሚያሳጣዎት እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ግምቱ ላይ ነው። አረቦን ለመቀነስ ብሎ የ2 ሚሊዮኑን ቤት በ1 ሚሊዮን የሚያስመዘግብ አለ። ከዚያ የ600,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 300,000 ነው፣ ምክንያቱም ግማሹን ብቻ ነው ያስመዘገበው። ሌላው ደግሞ ቦታውን ጨምሮ ያስገምታል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ደግሞስ መቼ ይቃጠላል? የሚገመተው ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ውል ካለዎት ግምቱን ያሳድሱ።

የእሳት ውል በአብዛኛው እሳትና መብረቅን ነው የሚይዘው። ጎርፍ፣ ጣሪያ የሚነቅል ነፋስ፣ ስርቆት ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። የቤት ዕቃ ለብቻው ካልተዘረዘረ የለም ማለት ነው፣ ጥሬ ገንዘብና ወርቅማ ጭራሽ! ጦርነትና ሁከትም በተለመደው ውል አይካተቱም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ቤቱ የተጎዳበት ሰው ይህን ያወቀው ውሉን በኋላ ሲያነብ ከሆነ ያሳዝናል። ለፖለቲካ ሁከት የተለየ ሽፋን የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፣ ለእርስዎ ወረዳ ይሰጡ እንደሆነ ግን ቅርንጫፉን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሲፈርሙ የአማርኛውን ቅጂ ይጠይቁ፣ ከሌለ የሚያነብልዎ ሰው ይዘው ይሂዱ። የቤቱንና የዕቃውን ፎቶግራፍ ያንሱ። ውሉን፣ ካርታውንና ፎቶውን ግን እዚያው ቤት አያስቀምጡ። ዘመድ ዘንድ ያኑሯቸው ወይም በስልክ አንስተው ለልጅዎ ይላኩ። የእማማ የእድር ደብተር እንኳ ከቤቱ ጋር ነው የነደደው፣ ደግነቱ ጸሐፊው ዘንድ ስማቸው ነበር።