የደብተር ቦርሳ ስለ መምረጥ

ሰው ከሚይዛቸው ዕቃዎች አንዳንዱ ጌጥ ነው፤ አንዳንዱም የሥራ መሣሪያ ነው። ጌጥ የሚመረጠው በዐይን ነው፤ የሥራ መሣሪያ ግን የሚመረጠው በሚሠራው ሥራ ነው። ገበሬ ማረሻ ሲገዛ «መሬቱን ይሰነጥቅልኛልን?» ብሎ ይመረምራል እንጂ ብረቱ አላበራም ብሎ አይጨነቅም። የተማሪም ቦርሳ የሥራ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ተማሪ በጀርባው ይዞት በሰው ፊት ስለሚሄድ፥ መሣሪያ መሆኑን ረስቶ እንደ ጌጥ ሊመርጠው ይችላል። ልጆች ሆይ፥ ይህ ምርጫ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር የሚያስተምር ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ።

ቦርሳ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። መጽሐፍን በማኅደር መያዝ ግን በአገራችን ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ የሚያኖሩበትን የቆዳ ዕቃ ማኅደር ይሉታል። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ይሰፋል፤ ክዳን አለው፤ በትከሻም የሚያነግቱት ጠፍር አለው። የቆሎ ተማሪም ትምህርት ፍለጋ ከአገር ወደ አገር ሲሄድ አኮፋዳውን ያነግታል፤ ለምኖ ያገኘውን ምግብ የሚይዘው በእርሱ ነው። ማኅደር የሚሰፋ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በውስጡ ስለሚያድረው መጽሐፍ ነው። አኮፋዳውም ለተማሪው የሚጠቅመው የዕለት ምግቡን ስለሚይዝለት ነው። እንግዲህ የዛሬው የደብተር ቦርሳ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው ብንል አንሳሳትም፤ መጽሐፉንም ምሳውንም ይይዛልና።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ፥ በልደታ ክፍለ ከተማ፥ ሜክሲኮ በሚባለው ሰፈር ነው። ልጄ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ወደ ዘጠነኛ ክፍል በተዛወረች ጊዜ አዲስ ቦርሳ አስፈለጋት። የቀድሞው ቦርሳዋ አምስት ዓመት አገልግሏት ነበር። ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ሁለት ጊዜ በጫማ ሰፊ ዘንድ አሰፍተነዋል። በሦስተኛው ጊዜ ግን ጫማ ሰፊው ጨርቁን በጣቱ ሳብ አድርጎ «ጋሼ፥ ክር ቢኖርም ክሩን የሚይዝ ጨርቅ የለም» አለኝ። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ፥ ወላጆች ሁሉ ለአዲስ ዓመት ትምህርት ዕቃ በሚገዙበት ሰሞን፥ ከልጄ ጋራ ወደ ገበያ ወጣን።

ከገባንባቸው ሱቆች በአንዱ ሁለት ቦርሳዎች ዐይናችንን ያዙት። አንደኛው የሚያብለጨልጭ፥ በብረት ጌጥ የተጌጠ፥ በፊቱም በትልልቅ የባዕድ ፊደል ስም የተጻፈበት ነበር። ሁለተኛው ጥቁር ሰማያዊ ሸራ ሆኖ ምንም ጽሕፈት አልነበረበትም። የሚያብለጨልጨው ዋጋ የሸራው እጥፍ ነበር። ባለ ሱቁም ወጣት «ጋሼ፥ ዘንድሮ ልጆቹ ሁሉ የሚጠይቁት ይህንን ነው» አለኝ። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ እጅዋ ግን በሚያብለጨልጨው ቦርሳ ላይ ቀረ።

«ስለ ምን ወደድሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አባባ፥ በአዲሱ ትምህርት ቤት የሚያውቀኝ ሰው የለም። እኔን ከማወቃቸው በፊት የሚያዩት ቦርሳዬን ነው» አለችኝ።

ይህን ቃል እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር ማደል ጀመረ። ይህም ለብዙ ቤተ ሰብ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ልጆች ሁሉ አንድ ዐይነት ልብስ ሲለብሱ ግን የወላጆቻቸው የሀብት ልዩነት ፈጽሞ አይጠፋም፤ ወደ ጫማና ወደ ቦርሳ ይሸሻል። ልጄም ይህን ሳይነግሯት ዐውቃዋለች።

በሌላ አገርም ይህ ነገር ታስቦበታል። በጃፓን አገር በቶክዮ ከተማ ጋኩሹይን የሚባል የመኳንንት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ከልጆቹም አንዳንዶቹ በሰረገላ ይመጡ ነበር፤ ዕቃቸውንም አሽከር ይሸከምላቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ትምህርት ቤቱ ይህን ከለከለ፤ እያንዳንዱም ልጅ መጽሐፉን በጀርባ ቦርሳ ራሱ እንዲሸከም አዘዘ። በትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉ እኩል ነው በማለት ነው። ከዚያ የተነሣው ራንዶሴል የሚባለው ቦርሳ እስከ ዛሬ በጃፓን ይኖራል፤ ብዙዎች ልጆችም አንዱን ቦርሳ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስቱን ዓመት ሁሉ ይይዙታል። እንግዲህ የጀርባ ቦርሳ በዚያ አገር የመጣው ልጅን ከልጅ ለማስተካከል እንጂ ለማበላለጥ አልነበረም።

ልጄን በትእዛዝ ሸራውን ላስይዛት እችል ነበር፤ ገንዘቡ በእጄ ነውና። ነገር ግን በግድ የተሰጠ ዕቃ በማጉረምረም ይያዛል። ስለዚህ «ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው የአንቺ ነው» አልኋት። ጥያቄዎቹም እነዚህ ነበሩ፤ ቦርሳው ምን ይይዛል? ማን ይሸከመዋል? ዕቃውንስ ከምን ይጠብቃል?

ፊተኛው ጥያቄ ቦርሳው ምን ይይዛል የሚለው ነው። በስምንተኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ተብሎ አንድ የነበረው ትምህርት በዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። አንድ የነበረው የኅብረተሰብ ትምህርትም ጂኦግራፊ፥ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይሆናል። ሒሳብና ቋንቋዎችም አሉ። ስለዚህ መጽሐፉም ደብተሩም ይበዛል፤ ክፍሉ ሰፊ የሆነ፥ መጽሐፍ ሳይታጠፍ የሚገባበት ቦርሳ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይሸከመዋል የሚለው ነው። የልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው። ሐኪሞችም ልጅ የሚሸከመው ቦርሳ ከሰውነቱ ክብደት ከዐሥር እጅ አንዱን እጅ ያህል እንዲሆን፥ ከዚያም ብዙ እንዳያልፍ ይመክራሉ። የህንድ መንግሥትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ባወጣው የትምህርት ቤት ቦርሳ መመሪያ ይህንኑ ልክ አድርጎታል። የልጄ ክብደት 40 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ልኳ 4 ኪሎ ያህል ነው። ባለ ሱቁን አስፈቅደን ሁለቱን ቦርሳዎች ባዶአቸውን ወደ ጎረቤት ሱቅ ወሰድንና ስኳር በሚመዘንበት ሚዛን አስመዘንናቸው። የሚያብለጨልጨው 1 ኪሎ ከግማሽ ሆነ፤ ሸራው ግን 600 ግራም ብቻ ሆነ። ልጄ ጥቂት ዝም ብላ አሰበችና «ይህኛው ገና አንድ ደብተር ሳልጨምርበት ከሸክሜ ከሲሶ የሚበልጠውን ወስዶብኛል» አለች። ሒሳቡን የሠራችው እርስዋ ናት፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርሁም።

ሦስተኛው ጥያቄ ቦርሳው ዕቃውን ከምን ይጠብቃል የሚለው ነው። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ በመስከረምም ዝናቡ ገና ጨርሶ አይሄድም። የበልግ ዝናብም በትምህርት ጊዜ ይመጣል። ደግሞም በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሰጠው መጽሐፍ በውሰት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሶ ለሚመጣው ተማሪ ይሰጣል። መጽሐፉን ያስበሰበሰ ልጅ የበደለው ፊቱን የማያውቀውን ታናሹን ነው። ባለ ሱቁ ፈቅዶልን በሁለቱም ቦርሳዎች ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግን። በሚያብለጨልጨው ላይ ውሃው ተንከባልሎ ወረደ፤ ሸራው ግን ቀስ በቀስ ጠጣው። በዚህ ነገር የሚያብለጨልጨው በለጠ፤ እውነትን መደበቅ አይገባምና ይህንም ለልጄ ነገርኋት። ከዚህ በኋላ ስፌቱን መረመርን። የሚያብለጨልጨው ማንገቻ ቀጭን ነበር፤ የተያዘውም በአንድ መሥመር ስፌት ብቻ ነበር። የሸራው ማንገቻ ሰፊና ወፍራም ነበር፤ ሥሩም ተደርቦ በመስቀለኛ ተሰፍቶ ነበር።

ልጄ ብዙ ጊዜ ቆመች። በመጨረሻም ሸራውን አነሣች። ከተረፈው ገንዘብ አንድ ደርዘን ደብተር፥ ኮምፓስና ማስመሪያ ገዛን፤ ለሸራውም ጉድለት በውስጡ የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ ጨመርንለት።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ልቧ ገና አላረፈም ነበርና «ቢስቁብኝስ?» አለችኝ። የሚስቅ አይኖርም ብዬ ልዋሻት አልፈለግሁም። በዚያን ጊዜ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሚያልፍበት በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነበርን። «ይህ ስፍራ በሩቅ አገር ስም የተጠራው ለምን እንደ ሆነ ታውቂያለሽን?» አልኋትና ነገርኋት። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ብዙ መንግሥታት አንዳንዱ ፈጥኖ፥ አንዳንዱም ዘግይቶ ወረራውን እንደ ሕግ ተቀበሉት። ሜክሲኮ ግን ከእኛ ጋራ ወሰን ሳትዋሰን በመንግሥታት ማኅበር ወረራውን ተቃወመች፤ የኢትዮጵያንም መያዝ አልተቀበለችም። ስለዚህ ውለታ አደባባዩ በስሟ ተሰየመ፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ ስፍራ አለ። «ብዙዎች ዝም ባሉበት ቀን የቆመ አንድ ወዳጅ ስሙ እንዲህ ይኖራል። በአዲሱ ትምህርት ቤት የሚስቁትን ቁጥር አትቍጠሪ፤ የሚቆምልሽን ፈልጊ፤ አንቺም ለሌላ ቁሚ» አልኋት።

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ «ይህ ቦርሳ የወንድምሽ ነውን?» ብላ ጠይቃ ሌሎችን አሳቀችባት። ልጄ በዚያ ማታ እራት ሳትበላ ተኛች፤ ሐዘኑም ጥቂት ቀን ቆየ። ነገር ግን በአንድ ወንበር ከእርስዋ ጋራ የምትቀመጠው ተማሪ መጽሐፎቿን በፌስታል ይዛ የምትመጣ ነበረች። አንድ ቀን ከትምህርት ሲወጡ ዝናብ መጣ፤ ፌስታሉም ተቀደደ። ልጄም ቦርሳዋ ሰፊ ነበረና የዚያችን ልጅ መጽሐፎች ከራስዋ መጽሐፎች ጋራ በላስቲኩ ጠቅልላ አስገባቻቸው፤ አንድም ገጽ አልራሰም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ተስማሙ፤ አንደኛዋ የሒሳቡንና የፊዚክሱን መጽሐፍ ስታመጣ ሁለተኛዋ የባዮሎጂውንና የታሪኩን ታመጣለች፤ በክፍልም አብረው ያነባሉ። አገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰዎች ግን ጌጣቸው ነው» ትላለች። በእነዚህ ልጆች የተፈጸመው ይህ ነው።

እናንተም ልጆች ሆይ፥ አንድ ቀን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ። ቦርሳ በምትመርጡበት ጊዜ ይህን አስቡ። ባዶውን አንሥታችሁ ክብደቱን ፈትኑ። ማንገቻው ሁለት፥ ሰፊና ወፍራም ይሁን፤ ስፌቱንም በእጃችሁ ሳቡት። ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። በጀርባችሁ አድርጋችሁ ከወገባችሁ በታች የማይንጠለጠል መሆኑን ተመልከቱ። በምትይዙትም ጊዜ ከባዱን መጽሐፍ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ፥ ቀላሉን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ክተቱ። ሁለቱንም ማንገቻ አግቡ እንጂ በአንድ ትከሻ አታንጠልጥሉት። በየማታው የነገውን የትምህርት ሰሌዳ አይታችሁ የማያስፈልገውን አውጡ። ቦርሳው ከራሰ በጥላ አድርቁት፤ ትንሽ ቀዳዳም ካያችሁ ሳይሰፋ አሰፉት።

የወላጆቻችሁም ገንዘብ ጥቂት ሆኖ አዲስ ቦርሳ ባይገኝ አትፈሩ። የተጠገነ ቦርሳ ደብተር ይይዛል፤ ደብተሩም ትምህርቱን ይይዛል። ጓደኛችሁ በፌስታል ወይም በተጣፈ ቦርሳ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ ብታዩ፥ የሚስቁት ቢስቁ እናንተ ከእነርሱ ጋራ አትሳቁ። በቦርሳችሁ ውስጥ ቦታ ካለ መጽሐፉን ከመጽሐፋችሁ ጋራ አኑሩለት።