እንጨትና ውሃ

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ጠባዩን አይተውም። ክረምት ሲገባ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ለቆ ይኮማተራል። ቤት ሠሪ ይህን ጠባይ ቢዘነጋ፣ እንጨቱ ራሱ ያስታውሰዋል።

እኔ ያደግሁት በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር በተሠራች የጭቃ ቤት ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የከተማይቱን የማገዶና የቤት እንጨት ችግር ያቃለለ ባለውለታ ነው፤ ሆኖም በእርጥቡ ሥራ ላይ ከዋለ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ከአዲስ ግንድ አስቀድሞ የሚወጣው በሕዋሳቱ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የእንጨቱ መጠን እምብዛም አይለወጥም። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን የሕዋሳቱ ግድግዳ ራሱ መድረቅ ይጀምራል፤ እንጨቱም በወርዱ ይኮማተራል፤ ምርጉም አብሮ ይሰነጠቃል።

ቤታችንን የሠሩት ሽማግሌ አናጢ ይህን በቁጥር ባያውቁትም በእጃቸው ያውቁት ነበር። ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ በጥላ ሥር ተደርድሮ በጋውን ያልደረቀ እንጨት አይነኩም። እናቴ የኪራዩ ነገር አስጨንቋት ስታጣድፋቸው፣ «እሜቴ፣ ዛሬ ውጭ ያልደረቀ ነገ ግድግዳ ውስጥ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ጠብዎ ከቤትዎ ጋር ነው» አሏት። እናቴም አንድ ክረምት በኪራይ ቤት ታገሠች። በዚያው ዓመት በጥድፊያ የተሠራ የጎረቤት ቤት ግን፣ ቋሚዎቹ ከአፈር በሚገናኙበት በስብሰው፣ በሦስተኛው ክረምት የጓሮ ግድግዳው ተናደ።

እንጨትን የሚገድለው ዕድሜው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ባልታየ ነበር። እንጨትና ድንጋይ በየተራ ተነባብረው የታነጸው ይህ ሕንጻ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው፣ የታነጸበት ዋሻ ዝናቡን ስለከለለለት ጭምር ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነን እንጨት አበስባሽ ሻጋታ አይደፍረውምና።

ለየቤታችን ዋሻ የለንም። ነገር ግን ሰፋ ያለ ክፈፍ፣ ከአፈር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ውሃውን አርቆ የሚጥል አሸንዳ የዋሻውን ሥራ ይሠራሉ። በከተማ ዳርቻ ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ዛሬ በምስማር ሲመታ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋል። ችግር እንደሚያጣድፍ አውቃለሁና በማንም አልፈርድም። ሆኖም ድሃ ቤት የሚሠራው በዕድሜው አንዴ ነው፤ የአንድ በጋ ትዕግሥት ከዚህ አንጻር ውድ ዋጋ አይደለም።