የበሩ ዓይን

በመሥሪያ ቤታችን አሳንሰር በር ላይ አንዲት ትንሽ ዓይን አለች። ከበሩ አንድ ወገን ኤል ኢ ዲ ለሰው የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል፤ በማዶ ያለው ፎቶትራንዚስተር ይቀበላል። ብርሃኑ እስከ ደረሰ ድረስ ሪሌው እንደ ተሳበ ይቆያል፤ በሩም ይዘጋል። ሰው በመካከል ሲገባ ግን ብርሃኑ ይቋረጣል፤ ሪሌው ይለቃል፤ በሩም ተመልሶ ይከፈታል።

የሠሪው ብልኀት የሚታወቀው ብልሽት በደረሰ ጊዜ ነው። ኤል ኢ ዲው ቢቃጠል፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም መስተዋቱ አቧራ ቢለብስ፣ ሪሌው ሰው እንደ ቆመ ቆጥሮ በሩን ክፍት ያደርጋል። ዝምታን እንደ ደኅንነት አይተረጕምም። ከበሩ በላይ ያለው የቍጥር ማሳያ ግን እንዲህ አይደለም። አኃዙ የሚጻፈው በ7 የብርሃን ሰረዞች ስለ ሆነ፣ የመካከለኛው ሰረዝ በጠፋ ጊዜ 8 የነበረው 0 ሆኖ ይነበባል፤ ተመልካቹም ሳይጠራጠር ያምነዋል።

አንድ ቀን እንግዶች በሚጠበቁበት ሰዓት በሩ አልዘጋ አለ። የሕንፃው ጥገና በእኛ ኃላፊነት ሥር ነበርና፣ ዓይኒቱን በሽቦ አገናኝቶ እንዲያልፋት ባለሙያውን አዘዝነው። ወጣቱም፣ «ጋሼ፣ ይህማ ማሳወር ነው» አለን። «ለዛሬ ብቻ ነው» ብለን መለስንለት። እንግዶቹ በሰላም ወጥተው ወረዱ፤ ሽቦው ግን በዚያው ተረሳ።

በሦስተኛው ቀን በሩ በአዛውንቱ ተላላኪያችን ክንድ ላይ ተዘጋ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ክንዳቸው ግን አብጦ ሰነበተ። ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፣ «እናንተ ምን አደረጋችሁ? በሩ አላየኝም እኮ» አሉን። ዓይኑን ያሳወርነው እኛ መሆናችንን ስንነግራቸው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ያን ዝምታ እንደ ይቅርታ ለመቍጠር አልደፈርንም።

ባለሙያው ሽቦውን ነቅሎ መስተዋቱን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለው። ሥራው ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ «የቀረበ አቤቱታ 0» የሚል ሪፖርት ጠረጴዛችን ላይ ሲቀመጥ ወዲያው አንፈርምም። ባለጉዳዩ የሚያቀርበው ቅሬታ ስለሌለ ነውን? ወይስ የመካከለኛው ሰረዝ ጠፍቶ ነው? ብለን እንጠይቃለን፤ አንዳንድ ጊዜም ተነሥተን ወደ በሩ እንሄዳለን።