ማዳፈን ማጥፋት አይደለም

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አመድ ነው፤ አትሳቁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካኩማ በእኛ ሰፈር አንድ ማድቤት ከጎኑ ካለው ክፍል ጋር ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን የቤተሰቡ የምዝገባ ወረቀትና የማስተምራት ልጃቸው ደብተሮች አመድ ሆኑ። ወረቀቱ የተቃጠለበት ስደተኛ ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ አልነግራችሁም። እናትየዋ «ማታ እሳቱን በአሸዋ ሸፍኜው ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሸፍነውታል።

አገር ቤት እናቶቻችን ማታ ማታ ፍሙን በአመድ የሚያዳፍኑት ለምን ነበር? ጠዋት ያለ ክብሪት እንዲያገኙት አይደል! አየር ስለሚያንሰው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሙቀቱም አያመልጥም። አሸዋም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከሥር ረመጥ። ሌሊት የቱርካና ነፋስ አሸዋውን ሲገልጠው ደግሞ የዘንባባው ጣሪያ ሩቅ አይደለም። ክፍል ውስጥ «እሳት የሚነድ ነገር፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል» ብዬ አስተምራለሁ። አሸዋ አየሩን ለጊዜው ቢከለክልም ሙቀቱን ግን አይወስድም። ውሃ ይወስዳል።

«መምህር፣ የሚጠጣው በጠፋበት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቦኖ ተሰልፋችሁ የቀዳችሁትን ጀሪካን አመድ ላይ ድፉ አልልም። የዕቃ እጣቢ ይበቃል። በመጀመሪያ ያልነደደውን እንጨት ለዩ፣ እሱ ለነገ ነው። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር ርጩት፤ አንዴ ከደፋችሁት እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። በእንጨት አማስሉት፣ ድገሙት። ቸስ ማለቱን ስላቆመ አትመኑት። የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሞክሩት፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና ነው። ጉልቻውንም አንሱና ሥሩን እዩ፣ ፍም መደበቅ የሚወደው እዚያ ነው። የቡና ከሰልም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ከእንጨት ይልቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ትኩስ አመድ በፌስታልም በማዳበሪያ ከረጢትም አይጣልም። ሜዳ ላይም አትድፉት። ልጆቻችን ኳስ የሚያባርሩት እዚያው ነው፣ አብዛኞቹም በባዶ እግራቸው።

ጎረቤቶቻችን ሁሉ አማርኛ አያነቡም፣ ነፋሱ ደግሞ ሰፈር አይለይም። ይህን ወደ ሶማሊኛ፣ ዓረብኛና ስዋሂሊ መመለስ የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አትሜ ቦኖዎቹ ላይ እለጥፈዋለሁ።