ለቤት ባሕር የሚሆን ውኃ

በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ባሕር ለማኖር የተመኘ ሰው፣ ዓሣውንና ኮራሉን ከመግዛቱ አስቀድሞ ስለ ውኃው ማሰብ ይገባው ነበር። እኛ ግን ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ኮራል ለብዙ ሰው ድንጋይ ይመስለዋል፤ በምጽዋ ከተማ የጥንቶቹ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ድንጋዩ ቤቱ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፤ ራሱስ ጥቃቅን እጆቹን ዘርግቶ የሚመገብ፣ ሥጋው እጅግ ስስ የሆነ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በዋሺንግቶን ከተማ በምንኖርበት ቤት፣ 200 ሊትር በሚይዝ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ አኑረን፣ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የቀዳነውን ውኃ በባሕር ጨው እየበጠበጥን እንሞላለት ነበር።

የቧንቧ ውኃ ለሰው የተዘጋጀ ነው። የዋሺንግቶን ውኃ ከፖቶማክ ወንዝ ተቀድቶ ይጣራል፤ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2000 ኖቬምበር ወር ጀምሮ ደግሞ፣ በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ከመመለሱ በቀር፣ ክሎራሚን የተባለ የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ ይጨመርበታል። ይህ መጠን ሰውን አይጐዳም፤ ለዓሣና ለኮራል ግን መርዝ ነው። እኛም ይህን ሰምተን ስለ ነበረ ከሱቅ የሚሸጠውን ማርከሻ ጠብታ እየጨመርን ጥንቃቄያችንን የፈጸምን መስሎን ተቀመጥን።

ያልሰማነው ሌላ ነገር ነበር። ክሎራሚኑ በገባ ጊዜ በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረው ልባስ እየተፈታ እርሳስ ወደ ውኃው ይገባ ጀመር፤ ነገሩም በ2004 በአደባባይ ሲታወቅ ከተማው ታወከ። ከዚያ ወዲህ እርሳሱን በቧንቧው ውስጥ የሚያግድ ፎስፌት ይጨመርበታል። ይህ ለሕፃናት ጤና ሲባል የተደረገ፣ የሚመሰገን ሥራ ነው። በእኛ ሣጥን ውስጥ ግን ያው ፎስፌት ለአልጌ ማዳበሪያ ሆነ፤ ማርከሻው ጠብታ ደግሞ ፎስፌትን አይነካም።

በዚህ ላይ ትነት አለ። ከሣጥናችን በየቀኑ አራት ሊትር ያህል ይተናል፤ የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው፤ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይቀራል። የአፋርን የጨው ሐይቅ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ስለዚህ በተነነው ፈንታ የቧንቧ ውኃ በጨመርን ቍጥር፣ ፎስፌቱንም መዳቡንም ሌላውንም ጕድፍ እያጠራቀምን ኖርን። በስድስተኛው ወር ሽሪምፖቹ አንድ በአንድ አለቁ። ኮራሉም አረንጓዴ ጠጕር የመሰለ አልጌ ለብሶ እጆቹን መዘርጋት ተወ። በእጃችን አጠጥተን መግደላችንን ለመቀበል ብዙ ቀን ፈጀብን።

እንግዲህ ማጣሪያ መግዛት ግድ ሆነ። ሻጩ አስቀድሞ የነገረን ስለ ደረጃዎቹ ብዛት ነበር፤ አራት ደረጃ ያለው፣ ስድስት ያለው፣ ሰባትም ያለው ተደርድሯል። የመኰንን ማዕረግ ይመስል ደረጃው በበዛ መጠን ዋጋው ይከብራል። ሥራቸውን ብንመረምር ግን ዋነኞቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዝገትና ዝቃጭ የሚይዝ ማጥለያ ነው። ሁለተኛው ከሰል ሲሆን ክሎራሚኑን ይሰብራል፤ ክሎራሚን ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ገንዘቡን መቈጠብ የሌለበት በዚህ ላይ ነው፤ ውኃው በከሰሉ ውስጥ ፈጥኖ ካለፈ መርዙ ሳይሰበር ይሄዳልና። ሦስተኛው ስስ ገለፈት ነው፤ ውኃው በግፊት ተገዶ ሲያልፍበት በውስጡ ከሟሟው ማዕድን ከመቶ 95 እጅ የሚያህለውን ወደ ኋላ ያስቀራል። ለዚህ የሚሆነውን ገለፈት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎብና ሱሪራጃን የተባሉ ሊቃውንት ሠርተውት፣ ኮሊንጋ የምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ በ1965 ጨዋማ ውኃዋን በዚሁ ዘዴ እያጣራች መጠጣት ጀመረች። አራተኛው ሬዚን የተባሉ እንክብሎች ናቸው፤ እነርሱም የቀረውን ማዕድንና ከክሎራሚኑ የተለየውን አሞኒያ ይለቅማሉ። ከእነዚህ በላይ ያለው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የእነዚሁ ድግግሞሽ ነው።

ስለዚህ ባለ አራቱን፣ ርካሹን ገዛን። በውኃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካ ትንሽ መሣሪያም ጨመርን። የቧንቧው ውኃ በሊትር 200 ሚሊግራም ያህል አሳየ፤ ከማጣሪያው የወጣው ዜሮ። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን አማታችን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጡ። እርሳቸው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ፣ ሌሊት ተነሥተው ጄሪካን የሚሞሉ ሴት ናቸው። ማጣሪያው ሁለት ቀጭን ቱቦዎች አሉት፤ በአንዱ ንጹሑ ውኃ ይንጠባጠባል፣ በሌላው ደግሞ ገለፈቱ የመለሰው ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። አማታችን ጥቂት ቆመው ተመለከቱና፣

«ይህኛው ምን በድሎ ነው የሚደፋው?» አሉን።

«እማማ፣ ማዕድኑን ጠርጎ የሚሄድ ነው» ብለን መለስንላቸው።

«ይህ ሁሉ ለዚህ ድንጋይ?»

ድንጋይ ሳይሆን እንስሳ መሆኑን አስረዳናቸው። እርሳቸውም፣ «እንስሳ ከሆነስ ይጠጣ፤ ነፍስ ነው። የተረፈውን ግን ለምን ትደፉታላችሁ?» አሉና መልሳችንን ሳይጠብቁ ባልዲ አምጥተው ከቱቦው ሥር አኖሩ። ባልዲው ሞላ፤ ሌላ አመጡ። ባለቤታችንና እኛ ተያየን፤ አንዳችንም የምንናገረው አልነበረንም።

ያን ማታ ወረቀት ይዘን አሰላን። ለትነቱና ለሳምንቱ ቅያሪ 48 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያስፈልገናል። ማጣሪያችን ለአንድ ሊትር አራት ሊትር ይደፋል፤ ይህም በሳምንት 192 ሊትር፣ በዓመት ወደ 10,000 ሊትር ይደርሳል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቢሆን 500 ጄሪካን ማለት ነው። ስንገዛ ስለ ንጽሕናው እንጂ ስለዚህ ቍጥር ጠይቀን አናውቅም፤ ሻጩም አላነሣውም።

ስለዚህ እንደ ገና ወደ ምርጫው ተመለስን። የሚደፋውን ጨርሶ መዝጋት አይቻልም፤ ማዕድኑ የሚወጣበት ካጣ ገለፈቱ ላይ ይጋገራልና። ሆኖም የመጀመሪያው የመለሰውን ውኃ የሚቀበል ሁለተኛ ገለፈት ቢቀጠል፣ የሚደፋው ለአንድ ሊትር ወደ ሁለት ሊትር ይወርዳል። ለዚህ ግን በቂ ግፊት ይፈልጋል፤ የቤታችን ግፊት ደካማ ስለ ሆነ ትንሽ ፓምፕ መጨመር ነበረብን። በአንድነት ዋጋው ከመጀመሪያው ማጣሪያ ዋጋ በላይ ሆነ። በክረምትም ውኃው ሲቀዘቅዝ የማጣሪያው ፍጥነት ግማሽ ያህል ይቀንሳልና ትዕግሥት ይጠይቃል።

የሚደፋውንም ለካነው። በመጀመሪያው ማጣሪያ 250 ያህል ነበረ፤ ከቧንቧው ብዙም አይለይም፤ ክሎራሚኑም በከሰሉ ወጥቶለታል። አሁን በሁለቱ ገለፈቶች ወደ 300 ቀርቧል። በሳምንት ወደ 96 ሊትር ይሆናል፤ አምስት ባልዲ ገደማ። ወለል እንወለውልበታለን፣ ልብስ እንዘፈዝፍበታለን፣ በበጋም አትክልቱን እናጠጣበታለን።

አማታችን ወደ አገራቸው ከተመለሱ ሁለት ዓመት ሆነ። በስልክ ስንገናኝ ከልጆቹ ደኅንነት ቀጥሎ ስለ «ድንጋዩ» ይጠይቁናል። ከሁለቱ ኮራሎች አንደኛው አልዳነም፤ ሁለተኛው ግን አልጌውን ጥሎ በሌሊት እጆቹን ይዘረጋል። ባልዲውም ባኖሩት ቦታ አለ፤ አሁን ሊሞላ ስለ ቀረበ ብዕራችንን አኑረን ልናነሣው እንሄዳለን።