የማይደክም ሰው የለም



ስለ ነርሶች ድካም ብዙ ሲነገር እንሰማለን፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ነርሶቹን ስለሚያሠለጥኑት ትምህርት ቤቶች የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ድካም ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በከተማችን የአርባ ምንጭ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም፣ የዩኒቨርሲቲው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅም ነርሶችን ያሠለጥናሉ። ነጭ ጋውን ለብሰው ወደ ሆስፒታል የሚሄዱትን ተማሪዎች ሁላችንም እናያለን። ስማቸውን የሚመዘግበው፣ ውጤታቸውን የሚያጠናቅረው፣ መኪናና አበል የሚያፈላልገው ሰው ግን ማን ያየዋል?

ይህን የምንጽፈው ወደ መምህርነት ሥልጠና ከመምጣታችን በፊት፣ ከዚህ ርቆ በሚገኝ አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት አብረን የሠራን ነን። ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

የነርሶች ትምህርት ቤት ከሌላው የሚለየው ተማሪው ሁለት ቤት ያለው በመሆኑ ነው፤ አንዱ መማሪያ ክፍል፣ ሌላው ሆስፒታል። የሆስፒታሉን ክፍል የሌሎች ኮሌጆች ተማሪዎችም ይጋሩታል። ስለዚህ አስተባባሪው ተራ ሲለምን ይውላል። ሌሊት አንድ ተማሪ በመርፌ ቢወጋ የሚጮኸው የአስተባባሪው ስልክ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ፤ በኋላም የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ካሌንደሩ ተጣበበ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ተግባራዊ ሆነ። ሥራው ጨመረ፤ ወንበሩ ግን ያው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ይህን ዓይነቱን የሥራ ዝለት በሽታ አላለውም፤ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነገር መሆኑን ገልጿል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መራቅ፣ «የምሠራው ምን ፋይዳ አለው?» ማለት። ልብ በሉ! «በወጉ ካልተያዘ» ነው የተባለው እንጂ «ሰውየው ደካማ ከሆነ» አልተባለም።

በመዝገብ ክፍላችን አንዲት ጎበዝ የሥራ ባልደረባ ነበረችን። ጎበዝ በመሆኗ የጎደለው ሁሉ ለእሷ ይሰጥ ነበር። «እሷ ትችለዋለች» ይባላል፤ በስብሰባም ስለ ጽናቷ ይጨበጨብላታል። ከጊዜ በኋላ ግን በስማቸው ትጠራቸው የነበሩትን ተማሪዎች ቀና ብላ ማየት ተወች። አንድ ቀን ምዝገባ ላይ «ኧረ እባካችሁ፣ ትንሽ ተዉኝ» ብላ አለቀሰች። በሦስተኛው ወር መልቀቂያዋን አስገባች። የያዘችውን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና የተመራቂዎች ውጤት ማስረጃ ሳምንታት ዘገየ። ታዲያ ያ ሁሉ ጭብጨባ ማንን ጠቀመ?

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ሰው እንዲያውቀው ተደረገ። የሌሊቱ ስልክ በተራ ሆነ። ዲኑም ከሥራ ሰዓት ውጭ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ላለመደወል ቃል ገቡ፤ እሳቸውም ራሳቸው ዕረፍት ከወጡ ዓመታት አልፈው ነበር። ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት «ምን ከበደህ?» የምንባባልበት ሆነ። ደመወዝ አልጨመረም፤ ሁሉም አልቆየም። ነገር ግን «ከብዶኛል» ማለት ነውር መሆኑ ቀረ።

ይህ ለጋሞ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዱቡሻ የከበደ ነገር በአደባባይ ይነገራል፣ ሽማግሌዎች ያደምጣሉ፣ መፍትሔውም የጋራ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ይኸው ነው።

ሠልጣኞች ሆይ! ነገ ከመካከላችን በጨንቻም ሆነ በቦንኬ ርዕሰ መምህር የሚሆን ይኖራል። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ ይጠብቀዋል። ጽናትን ከእነሱ ከመጠየቁ በፊት ሸክሙን ይቁጠር፤ ሎሚውንም ያካፍል። መምህራኖቻችንም በትምህርት ቤት አስተዳደር ክፍለ ጊዜ ይህን ጉዳይ ቢያወያዩን መልካም ነው እንላለን።